ጋሽ ሰይድ ዙሪያውን ሲስል

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሥዕል አስተማሪያችን ጋሽ ሰይድ በሩን በትከሻው ገፍቶ ይገባና፣ ሰላም እንኳ ሳይለን «ማን ቀረ?» ይላል። ያን ቅዳሜ ግን ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ሦስት ተኩል ሆነ፣ በሩን የገፋው ሰው የለም። «ዛሬ ደግሞ ጠያቂው ራሱ ቀረ» አለ ናቲ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚያንሰው የአኒሜሽን ሠራተኛ፤ ሳቅን። እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አይሆንልኝም። መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደወልኩ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ደወልኩ። በመጨረሻ ስልኩን ያነሳችው እህቱ ፋጡማ ነበረች። ሱብሂ ሰግዶ ሲጨርስ እዚያው መስገጃው ላይ ወደቀ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ አለችኝ።

ለቀብሩ አልደረስንም። ቀብር ሰው እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ነገር ስለሚመስለን ጥቁር ልብስ ልንቀይር በየቤታችን ተበተንን፤ ሰፈሩ ሳሊተ ምሕረት ስንደርስ ቤተሰቦቹ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀብረውት ተመልሰው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እሱ ሳስብ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተኛል። ይህንንም የምጽፈው ግማሹን ቆሜ ነው።

ሥራዬ ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ ቢሮ የአውሮፕላን ትኬት መሸጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የቸኮለ ሰው ሳስተናግድ እውልና እኔም እንደቸኮልኩ አድራለሁ። አንዲት ጓደኛዬ «ሥዕል ተማሪ፣ መንፈስሽ ያርፋል» ብላ ነው ሩዋንዳ ሰፈር ካለው ከጋሽ ሰይድ ክፍል ያስገባችኝ። መንፈስ ማሳረፍ ግን የእሱ ሙያ አልነበረም። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር የሚፈልግ ሰው ነበር። ሲያስተምር አይቀመጥም፤ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ይመላለሳል፣ በየመሀሉ መስኮት ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ የኮቱን ኪስ ይፈትሻል፤ ከኪሱ የሚወጣው ሁልጊዜ ከጣት ያጠረ እርሳስ ነው። ስድሳ ዓመት አልፎታል፣ ግን አንቱ ማለት አይቻልም። «አንቱ ያለኝ ይውጣ፣ ሽማግሌ የሆንኩ ይመስለኛል» ይል ነበር። ክፍሉ የአንድ እንግዳ ማረፊያ የላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ከታች ምግብ ቤት ስላለ ከረፋዱ ጀምሮ የሽንኩርት ቁሌት ይሸተናል።

በመጀመሪያው ቀን ናቲ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንድንስለው ቆመ። ሌሎቹ ገና እርሳስ ሲቀርጹ እኔ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ የሸሚዙን ቁልፍ ሳይቀር ጨርሼ ጫማዬን መሬት ላይ ማንኳኳት ጀምሬያለሁ።

«ስምሽ ማነው?» አለኝ ጋሽ ሰይድ ከኋላዬ መጥቶ።

«ትዕግስት።»

«ማነው ያወጣልሽ? ሳያይሽ መሆን አለበት።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ ጎንበስ አለና በናቲ ክንድና ወገብ መሀል ያለውን፣ እኔ በእርሳስ ያጠቆርኩትን ቦታ በጣቱ ነካው።

«እዚህ ጋ ማን ቀረ?»

«ማንም የለም። ባዶ ነው፣ ለዚያ ነው ያጠቆርኩት።»

«ናቲ ክንዱን ሲያጥፍ እዚህ መሀል አየር ገብቷል። አየሩን የት አደረስሽው?»

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። አየር ልስል ነው እንዴ የመጣሁት ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። እሱ ግን እየተመላለሰ ማስረዳቱን ቀጠለ።

«ቀረ የምትለዋ ቃል ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። ጓደኛሽን ቀጥረሻት ሳትመጣ ስትቀር ቀረች ትያለሽ። ድስቱ ውስጥ ወጥ ሲተርፍ ደግሞ ወጥ ቀረ ትያለሽ። የሌለውም ቀረ፣ ያለውም ቀረ! ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ የምታዩት ቦታም እንደዚሁ ነው። የትኛው ቀረ እንደሆነ ሳታውቁ እንዳታጠቁሩት።»

ለብዙ ሳምንት ሰው አላሳለንም። የምንስለው በጣቶች መሀል ያለውን ክፍተት፣ በወንበር እግርና በሰው እግር መሀል ያለውን ክፍተት ነበር። የቤት ሥራችንም ታክሲ ውስጥ ነው፤ በተሳፋሪዎቹ ጭንቅላት መሀል ያለውን ቅርጽ እያያችሁ ሂዱ ይለናል። ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ ባለ ቁጥር ቅርጹ ይጠብና ሁሉ ነገር ይበላሽብኛል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ «ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?» ብላ ልትጣላኝ ደረሰች። «አንቺን አይደለም፣ አጠገብሽ ያለውን አየር ነው» ስላት ቦርሳዋን አቅፋ ፊቷን አዞረች።

በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ ንባብ የሚላት ነገር ነበረችው። ሥዕሎቻችንን ግድግዳ ላይ ይለጥፍና ልክ እንደ ጽሑፍ እንድናነባቸው ያደርገናል። የእኔን ሲያነብ የተሸማቀቅኩትን አልረሳውም።

«ይኸው፣ ትከሻው ላይ መስመሩ ወፍራም ነው። ለምን? እርግጠኛ ስላልሆነች ጮኸች። ሰው ሲዋሽ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርገው። ክርኑ ጋ ደግሞ እዩ፣ ቀጭን ናት፤ እዚህ ያየችውን ነው የተናገረችው።» ከዚያ ጀርባው ላይ መስመሩ የተቋረጠበትን ቦታ አሳየን። «እዚህ ጋ ተወችው። ጎበዝ! የቀረውን የተመልካቹ ዓይን ይጨርሰዋል። ሁሉን አንቺ ከጨረስሽው እሱ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ሲሪየስሊ ጋሽ ሰይድ፣» አለ ናቲ፣ «እዛ ጋ እኮ እርሳሷ ተሰብሮባት ነው።»

ጋሽ ሰይድ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «እርሳሷ ከሷ ይሻላል በለኛ!» አለ።

ናቲም ተራው ደረሰው። አንድ ቀን እናትና አባቱን ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ ስሎ አመጣ። ፊታቸው በጣም ተለፍቶበታል። ጋሽ ሰይድ ግን ፊታቸውን ዞር ብሎም አላየው፤ በሁለቱ መሀል ያለውን ነጭ ቦታ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ተከተለው።

«ከላይ ሰፊ ነው፣ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ትከሻቸው ተራርቋል፣ ጉልበታቸው ግን ሊነካካ ነው። ተኮራርፈዋል፣ ግን ከዚያ ሶፋ የሚነሳ የለም። አይደል?»

ናቲ በኋላ ደረጃው ላይ ሲነግረኝ፣ ወላጆቹ ያን ሰሞን አይነጋገሩም ነበር፤ እሱ የሳላቸው ግን ፈገግ እንዳሉ አድርጎ ነው።

አንድ ነገር ግራ ያጋባን ነበር። ጋሽ ሰይድ ራሱ ሰው አይስልም። ስህተታችንን ሲያርም እንኳ የሰውን መስመር አይነካም፤ ግድግዳውን፣ መጋረጃውን፣ ወንበሩን በእርሳስ እየሞላ ይመጣና ሰውዬው ከመሀል ነጭ ሆኖ ይወጣል። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ግን ክብደቱን የትኛው እግሩ ላይ እንደጣለ፣ ደክሞት ይሁን ተከፍቶ ታውቃለህ። እኔ ያን የመሰለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

አንዴ ገርጂ አዲስ ሆቴል የከፈተ ሰው ባለቤቱን እንዲስልለት አዘዘው። ጋሽ ሰይድ ሴትዮዋን ወንበር ላይ አስቀምጦ ዙሪያዋን ሳለ። ሰውዬው ሥዕሉን ሊወስድ ሲመጣ ክፍል ውስጥ ነበርን።

«ወንበሩ ቆንጆ ነው» አለ ሰውዬው። «ሚስቴስ?»

«ተቀምጣለች እኮ።»

«የት?»

«እንዴ! ሚስትህን እኔ ላሳይህ?»

ሰውዬው በሩን ወርውሮት ወጣ። ጥቂት ቆይታ ሚስትየው ከመኪና ወርዳ ብቻዋን ደረጃውን ወጣች። ሥዕሉን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው። «አንገቴን እንዲህ እንደማደርግ አላውቅም ነበር» አለች፤ ጠቅልላ ይዛው ሄደች። ባልየው የት እንደሰቀለው፣ ጭራሽ ይስቀለው አይስቀለው አላውቅም።

የዚያን ዕለት ወደ ታክሲ ስንሄድ አላስችል ብሎኝ ጋሽ ሰይድን ጠየቅኩት። ሲራመድ እንድደርስበት ሱክ ሱክ ማለት ነበረብኝ።

«ፊት ብትስል ምን ይልሃል ግን?»

«አልስልም። እናቴ አስምላኛለች።»

«መቼ?»

«ልጅ ሆኜ፣ ወሎ እያለን። ሁለተኛ ሰው እንዳትስል፣ ወላሂ በል አለችኝ። ወላሂ አልኩ።» እዚያው መንገዱ መሀል ቆመ፤ የኋላው መኪና ጡሩምባ ነፋበት። እጁን ይዤ ወደ ዳር ሳብኩት። «እኔኮ ትዕግስት፣ በዚህ ዓለም ላይ መሳል የምፈልገው አንድ ፊት ነው። የእሷን። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ስትቀመጥ የምትሆነውን ብታዪ! እሱን አንድ ቀን ስዬ ብሞት አይቆጨኝም።»

«ጠይቃት ታዲያ። ከቃልህ ትፍታህ።»

«ብጠይቃት እሺ ትለኛለች። ለእኔ ብላ እሺ ትልና ከዚያ በኋላ ሲያስጨንቃት ይኖራል። በስተርጅናዋ እናቴን ላስጨንቃት?» ፊቴ ላይ ምን እንዳየ እንጃ፣ «አብሽሪ» ብሎኝ ታክሲው ውስጥ ገባ።

ነገሩ የሃይማኖት ነው ብዬ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ናቲም ሌሎቹም ሲሰሙ እንደዚያው አደረጉ። በሰው እምነት ጥልቅ ማለት ነውር ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ጨዋነት ነው። ስለዚህ ማናችንም እናቱ በትክክል ምን እንዳሉት፣ ለምን እንዳሉት አልጠየቅንም። እንዲያውም በውስጤ አከበርኩት። ልጅ ሆኖ ለገባው ቃል ብሎ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነገር ትቶ፣ በትርፉ ቦታ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቱ ያስደንቀኝ ነበር።

በአንድ ዒድ እኔና ናቲ ቤቱ ሄድን። ሳሊተ ምሕረት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም ከእናቱና ከፋጡማ ጋር ነው የሚኖረው። ደረጃው ላይ ወጥቶ ጠበቀን። «ስሙ፣ የማስተምራችሁ ፕላን ነው፣ የቤት ፕላን። እማ ፊት ሰው መሳል የሚባል ነገር እንዳታነሱ» አለን በሹክሹክታ። እሱ ባይስልም ሌላውን ማስተማሩ እንዳይከነክናቸው ይፈራ ነበር።

እናቱ እማማ ከዲጃ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ ነው፣ ዓይናቸው ግን ጥርት ያለ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንቺ ልጄ፣ ቤት መሥራት ቻልሽ?» አሉኝ።

«እየሞከርኩ ነው እማማ።»

«መስኮት አብዢበት። የእኔ ልጅ እንደሆነ መስኮት ሲለካ ነው የሚውለው።»

ናቲ ሳቁን ለመያዝ ጉንጩን ነከሰ። እውነትም ጋሽ ሰይድ፣ ቀኑ ዒድ ሆኖ እንኳ፣ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። መጋረጃውን፣ የመስኮቱን ፍሬም፣ ቆርቆሮ ላይ የተተከለውን አበባ ይስላል። እናቱ መስኮቱን የሚለካ መስሏቸው ሰብሰብ ይላሉ።

«ልነሳልህ?»

«የለም እማ፣ እዚያው ሁኚ። አትከልዪኝም።»

ከወረቀቱ መሀል ነጭ ሆነው የሚቀሩት እሳቸው ናቸው። ቀና ብሎ ሲያያቸው የነበረውን አስተያየት ሳይ አንጀቴን በላው፤ ወደ ኩሽና ሄጄ ፋጡማን ሳህን ማጠብ ላግዝሽ አልኳት።

በመጨረሻዎቹ ወራት ጭራሽ አላርፍ ብሎ ነበር። ክፍል ውስጥ ቆሞ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው፤ የጀመረውን ንባብ ሳይጨርስ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። «ዛሬ ማታ ልጠይቃት ነው» ይለኛል አንድ ቅዳሜ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓይኑን ሳየው ራሱን ይነቀንቅና «ቀረ» ይለኛል። ሌላ ጊዜ እንግዳ መጣባቸው፣ ሌላ ጊዜ ጉንፋን ይዟቸው ነበር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በጣም ደስ ብሏቸው ስለዋሉ ቀናቸውን ሊያበላሽ አልፈለገም። በመጨረሻ እኔው ተቆጣሁት። «ካልጠየቅክ አልጠይቅም በልና ተወው፣ እኔን አታሳቅቀኝ!» አልኩት። «ስምሽን ቀይሪ» ብሎኝ ሳቀ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ስለነበር እማማ ከዲጃን በቅጡ ሳናገኛቸው ተመለስን። ሰው ቀለል ሲል እኔና ናቲ እንደገና ሄድን። ናቲ ከክፍሉ የሰበሰባቸውን የጋሽ ሰይድን ሥዕሎች ጠቅልሎ በክንዱ ሥር ይዟል።

«እሳቸው ፊት ልትዘረጋው ነው? አብደሃል?» አልኩት ደረጃው ላይ።

«የልጃቸው ነው እኮ! እኛ ጋ ምን ይሠራል?»

«ቃሉን ያጠፈ እንዲመስላቸው ትፈልጋለህ? አሁን? በዚህ ሐዘን ላይ?»

ጥቅሉን በር አጠገብ አቁሞ ገባ። እማማ ከዲጃ እዚያው መስኮት ጋ ነበሩ። አላህ ያጽናዎት ብለን ተቀመጥን። ጥቂት ቆይተው «የፕላኗ ልጅ፣ ጠጋ በይማ» አሉኝ።

ተጠጋሁ።

«ለቀስተኛው ሁሉ ሠዓሊው፣ ሠዓሊው እያለ ያለቅሳል። ልጄ ሰው ይስል ነበር እንዴ?»

ናቲን እንዳትናገር ብዬ በዓይኔ ተቆጣሁትና አፌን ሞልቼ መለስኩላቸው።

«የለም እማማ! አንድም ቀን ሰው ስሎ አያውቅም። ቃሉን አላጠፈም፣ እኔ ምስክር ነኝ።»

«የምን ቃል?»

«ለእርስዎ የገባውን። ሰው እንዳትስል ብለው ያስማሉትን።»

«እኔ?»

«አዎ፣ ልጅ ሆኖ። ወሎ እያላችሁ። ወላሂ በል ብለውት።»

ወደ ፋጡማ ዞሩ። ፋጡማ ትከሻዋን ሰበቀች። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ግድግዳው ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «መውሊድ ደርሶ፣ ቤቱን ኖራ ቀብቼ፣ እንግዳ ሊገባ ሲል አጎቱን ከነጢሙ በከሰል ግድግዳዬ ላይ አድርጎልኝ አገኘሁት። በኩርኩም ብዬዋለሁ። ያኔ ምን እንዳልኩት በምን አውቃለሁ? እናት ስትቆጣ የማትለው አለ? እኔ የከለከልኩት ግድግዳዬን ነው እኮ!»

ከዚያ በኋላ ምንም መደበቅ አልቻልኩም። ፕላን አስተምሮን እንደማያውቅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ዙሪያውን ብቻ ሲስል እንደኖረ፣ የሳቸውን ፊት መሳል እንዴት እንደሚመኝ፣ ለመጠየቅ ስንት ጊዜ ተነስቶ እንደተመለሰ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ናቲ ማንንም ሳያስፈቅድ ተነስቶ ጥቅሉን አመጣና ጉልበታቸው ላይ ዘረጋው።

«መስኮታችን ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ይኼ ነጩስ?»

«እርስዎ ነዎት።»

በጣታቸው ከራስ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ክንድ ቀስ እያሉ ተከተሉት። «ጎብጫለሁ» አሉ። ሌላውን ገለጡ፤ ያም መስኮቱ ነው፣ ያም እሳቸው ናቸው። አንዱ ላይ ነጩ እጅ ነጩን ጉንጭ ደግፎታል። «ይቺን ቀን አውቃታለሁ፣ ጥርሴን አሞኝ ነበር» አሉ፤ እንባቸው ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ቀና አሉ። «ምነው አፍ አውጥቶ ቢጠይቀኝ? እሺ አልለውም ነበር? ከፈለገ ቀኑን ሙሉ አልቀመጥለትም ነበር?»

ፋጡማ ግድግዳውን ይዛ ታለቅሳለች። ናቲ ጣራ ጣራውን ያያል። እማማ ከዲጃ ሥዕሎቹን አንድ ላይ አድርገው ወደ ጎን አስቀመጡ፤ ሻሻቸውን ከግንባራቸው ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ፣ ከመስኮቱ ዞረው ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ መለሱ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እንዲህ ነው የሚቀመጡት?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። አገጭዎን ብቻ ትንሽ ቀና።»

ቀና አደረጉት፤ ማንም እርሳስ ባልያዘበት ክፍል ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ ቆዩ።